ግብጻውያን ሁሉ ዮሴፍ ነበሩን?

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የፈርዖንን ሕልም ያላነበበ፣ ወይም በልጅነቱ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ከአያቱ አፍ ያልሰማ ሰው በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ሰባት የከሱ ላሞች ሰባቱን የሰቡ ላሞች ሲውጡ ያየው ንጉሥ፣ የግብጽ ጠቢባንና ሕልም ፈቺዎች ሁሉ ትርጓሜው ጠፍቷቸው በቆሙ ጊዜ፣ ከግዞት ቤት አንድ ዕብራዊ ወጣት አስመጥቶ ምሥጢሩን ተረዳ፤ ከጥጋቡም ዘመን እህል አምስተኛው እጅ እየተለየ በየከተማው ጎተራ ተከማቸ። እኔን ዘወትር የሚደንቀኝ ግን አንባቢ ሁሉ ቸኵሎ የሚያልፈው የኋለኛው ምዕራፍ ነው። ረሃቡ በገባ ጊዜ የግብጽ ሕዝብ እህል ፍለጋ ወደ ዮሴፍ መጣ፤ በመጀመሪያ ገንዘቡን አስረከበ፤ ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ፈረሱን፣ በጉን፣ ላሙንና አህያውን ነዳለት፤ ከብቱ ባለቀ ጊዜ ደግሞ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ እህል እንደ አሸዋ ሲታፈስ ያየው፣ በገዛ ከተማው የመንግሥት ጎተራ ሲሞላ በዓይኑ የተመለከተው ይህ ሕዝብ፣ ለክፉ ቀን የሚበቃ ስንቅ በቤቱ እንዳላኖረ ከዚህ ሽያጭ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ይህን ታሪክ እንዳነሣ ያስገደደኝ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ካለፈው የፈረንጆች መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ተቀብለው፣ በየዩኒቨርሲቲው ወንበር ላይ ያነገሡትና በየማዕከላዊ ባንኩ የስሌት ክፍል እስከ ዛሬ የሚገለገሉበት አንድ ትምህርት ነው። ትምህርቱ እንደሚለው፣ ሰዎች ስለ ነገው ዋጋ፣ ስለ ነገው ገቢና ስለ ነገው ንረት የሚይዙት ግምት፣ ዓለማቸውን በስሌት የሚያስመስለው ሞዴል ራሱ ከሚሰጠው ትንበያ ጋር በአማካይ አንድ ነው፤ ይህንንም «ምክንያታዊ ግምት» ብለው ሰይመውታል። በዚህ ትምህርት ግብጻውያን ሁሉ፣ ከጉሊት ሻጪቱ ጀምሮ እስከ ባንክ ገዥው ድረስ፣ እያንዳንዳቸው ዮሴፍ ናቸው፤ ፈርዖንም ሕልሙን ለማስፈታት ወደ ግዞት ቤት መላክ ባላስፈለገው ነበር።

የትምህርቱ አባት ጆን ሙት ይባላል፤ የካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰው ነበረ፤ በ1961 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ገበሬ የዘንድሮን ዋጋ አይቶ ለከርሞ ይዘራል፣ ስለዚህም ገበያው አንድ ዓመት እየጎረፈ አንድ ዓመት እየነጠፈ ይወዛወዛል የሚለውን የቀደሙትን አሳብ ተቃወመ። ሰዎች እንዲህ በተደጋጋሚና በአንድ ወገን ቢሳሳቱ ኖሮ፣ አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ በተቃራኒው እየዘራ በበለጸገ ነበር፤ ሌሎችም እርሱን እያዩ በታረሙ ነበር አለ። ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ሙት ነጋዴው በኪሱ ደብተር እንደ ሊቅ ይቀምራል፣ ወይም ግምቱ ፍጹም ነው አላለም፤ የብዙዎች ግምት ሲደመርና ሲካፈል ወደ እውነተኛው ያደላል ብቻ ነው ያለው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሮበርት ሉካስና ቶማስ ሳርጀንት ግን አሳቡን ከአሳማና ከእህል ገበያ አውጥተው የመላው አገር ኢኮኖሚ የሚታይበት መነጽር አደረጉት፤ ሉካስ በ1995፣ ሳርጀንትም በ2011 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ደቀ መዛሙርት ከመምህራቸው ይልቅ ጽኑዓን መሆናቸው በእኛም አገር ጉባኤ ቤቶች የታየ ነገር ነው።

ሞዴል ስንል በኮምፒዩተር ውስጥ የተሠራች ትንሽ ዓለም ማለታችን ነው፤ በውስጧ ገበሬ ይዘራል፣ ነጋዴ ያዝዛል፣ ፋብሪካ ይስፋፋል፣ ባንክ ያበድራል፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬ የሚያደርጉትን የሚያደርጉት ነገ ይሆናል ብለው በሚያስቡት ላይ ተመሥርተው ስለ ሆነ፣ ሞዴሉን የሚሠራው ሰው ወደደም ጠላም ግምት በሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚፀነስ መጻፍ አለበት። በዚያች አንዲት መስመር ዮሴፍን ያስቀመጠ እንደ ሆነ፣ ያቺ ዓለም ከራሷ ባሕርይ የተነሣ መጉረፍንና መንጠፍን አታውቅም፤ ቀውስ እንዲታይባት ከተፈለገ ከውጭ መብረቅ መወርወር ይኖርበታል፣ በእርግጥም ይወረውራሉ። በዚያች መስመር ተራውን ግብጻዊ ያስቀመጠ ግን መብረቅ ሳይጠራ፣ ሰዎች በዘገየ ወሬና በቀስታ በሚታረም ግምት በሚያደርጉት ብቻ ጥጋብና ረሃብ ሲፈራረቁ ያያል። የክርክሩ ክብደት በዚህ ነው፤ ጥፋቱን ከሰማይ እንፈልገው ወይስ ከራሳችን?

የተቃራኒን ወገን እውነት ሳይመሰክሩ መከራከር ነውር ስለ ሆነ፣ ሙት ትክክል የሚሆንበትን ቦታ አስቀድሜ ላሳይ። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ካህን፣ የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ አውጥቶ (ሁለቱ ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ ያውቃል) ጾመ ነነዌ በየትኛው ቀን እንደሚገባና ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ያለ አንዳች ጥርጥር ይነግርሃል፤ 532 ዓመት ሲፈጸምም ዐቢይ ቀመሩ ተመልሶ ከመነሻው ይጀምራል። ይህን የሚያውቅ ገበያ የፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ዋጋ እንደሚወጣ፣ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሰኞ ሥጋ ቤት ጭር እንደሚል ያውቃል፤ ዶሮ ያላትም ባልቴት ከወር በፊት አትሸጥም። እንዲህ ተመላልሶ በሚመጣና ሁሉም በሚያየው ነገር ሰው ምክንያታዊ ገማች መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ። ነገር ግን ጨረቃ ስለ እርስዋ በቀመርነው ምክንያት ጉዞዋን አትለውጥም፤ ገበያ ግን እኛ ስለ ገመትነው ይለወጣል፤ የእኔ ግምት ትክክል የሚሆነው የጎረቤቴ ግምት ምን እንደ ሆነ ባውቅ ነው፤ የእርሱም የእኔን ቢያውቅ ነው። እንኳን ገበያተኛው፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የትኛው ሞዴል እውነተኛ እንደ ሆነ «አንድም፣ አንድም» ሲባባሉ ይውላሉ፤ ማታ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ግን ነጋዴው ሁሉ በአንዱ ሞዴል ተስማምቷል ብለው ይጽፋሉ። የአንድምታ መምህራኖቻችን ቢያንስ የትርጓሜውን ብዛት ሳይደብቁ ነበር የሚያስተምሩት።

ሙት ጽሑፉን ባወጣበት በዚያው በ1961፣ በነብራስካ ከከብት እርባታ ቤት ተወልዶ ያደገው፣ ቀድሞ ለኮምፒዩተር የማግኔት ማስታወሻ የሠራው መሐንዲስ ጄይ ፎረስተር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ «ኢንዱስትሪያል ዳይናሚክስ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። የዚህ ሰው አስተያየት ፍጹም ሌላ ነበረ፤ ወሬ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ የሚደርሰው ዘግይቶና ተዛብቶ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም የትናንቱን ከዛሬው እያማከለ፣ ድንገተኛውን ከዘላቂው ለመለየት እየታገሠ ይወስናል፤ ስለዚህ ሞዴሉ ይህን መዘግየትና ይህን ማማከል እንዳለ ይሳል አለ። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ሰው የሚያውቀው ጥቂት፣ የማስላት ኃይሉም የተወሰነ ስለ ሆነ ከሁሉ የሚሻለውን ሳይሆን የሚበቃውን መርጦ ያርፋል ብሎ ያስተማረውና በ1978 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ኸርበርት ሳይመን፣ ከሙት ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እንዲያውም ከሆልትና ከሞዲግሊያኒ ጋር ሆነው አራቱ በ1960 ስለ ፋብሪካ ምርትና ክምችት እቅድ አንድ መጽሐፍ በኅብረት አሳትመዋል። ከአንድ ማዕድ ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ወጣ፤ ዘውዱ ግን ለአንደኛው ብቻ ተሰጠ።

የፎረስተርን ፈለግ ከተከተሉት አንዱ ጆን ስተርማን በ1987 ባሳተመው ጥናት ይህን ነገር ወደ ቀመር አወረደው፤ የቀመሩንም ስም «ትሬንድ» አለው። ቀመሩን ለማስረዳት የራሳችን ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የተመቸ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ምክንያቱም አማርኛ ላለፉት ዓመታት «አምና» እና «ካቻምና» የሚሉ፣ ለያዝነው «ዘንድሮ»፣ ለሚመጣውም «ከርሞ» የሚሉ ለየብቻ የቆሙ ቃላት አሉት። ሰው በመጀመሪያ ዘንድሮን ወዲያውኑ አያውቃትም፤ የዛሬው ዋጋ የእውነት ዋጋ ይሁን የአንድ ሳምንት ነፋስ ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል። ቀጥሎ ዘንድሮን የሚለካባት አንዲት የኋላ ዘመን በልቡ አለች፤ ለአንዱ አምና ናት፣ ለሌላው ካቻምና፣ ለአረጋዊው ደግሞ ከዚያ የራቀች። በመጨረሻም ከሁለቱ ልዩነት የዕድገቱን ፍጥነት ካወጣ በኋላ፣ «ለካ ነገሩ እንዲህ ሊቀጥል ነው» ብሎ እስኪያምን ደግሞ ሌላ ጊዜ ያልፋል። ሦስት የጊዜ ርዝመቶች ብቻ ናቸው፤ ከርሞም የምትወለደው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

በቍጥር ለማየት ያህል፣ የዋጋ ንረቱ ለረጅም ዘመን በመቶ 2 ሆኖ የኖረበት አገር በድንገት በመቶ 10 ቢሆንበትና በዚያው ቢጸና፣ በየዓመቱ የስሕተቱን እኩሌታ የሚያርም ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ 6፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 8፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 9 ይገምታል። ሰውዬው ሞኝ አይደለም፤ በየዓመቱ ይማራል፤ ነገር ግን ሦስቱንም ዓመት የሚሳሳተው በአንድ ወገን፣ ከእውነቱ በታች ነው። ምክንያታዊው ግምት ግን ይህን ፈጽሞ አይፈቅድም፤ ሰው አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜ ወደ ታች ይሳሳት እንጂ ዓመት ከዓመት በአንድ ወገን ሊሳሳት አይችልም ይላል። እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች የሚፈርድ ዳኛ አለ፤ ሰዎች የገመቱትን ጽፈው ያኖሩበት መዝገብ።

እንዲህ ያለ መዝገብ በፊላደልፊያ ይገኛል። ጆሴፍ ሊቪንግስተን የተባለ ጋዜጠኛ በ1946 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔና በታኅሣሥ፣ በባንክ፣ በኢንዱስትሪ፣ በመንግሥትና በዩኒቨርሲቲ ለሚሠሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች መጠይቅ እየላከ ስለ መጪው ዋጋ የሚገምቱትን ይሰበስብ ነበር፤ በ1990 ሥራውን የፊላደልፊያው የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተረክቦ እስከ ዛሬ ይዞታል። የተጠየቁት ሰዎች ደብተር የሌላቸው ገበሬዎች እንዳልሆኑ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ትንበያ እንጀራቸው የሆነ፣ ከእነርሱም መካከል የምክንያታዊ ግምትን ትምህርት በቃላቸው የሚያውቁ ሊቃውንት ናቸው። መዝገቡ ምን ይላል? የዋጋ ንረት በወጣባቸው በ1970ዎቹ ዓመታት ከእውነቱ በታች ገመቱ፤ ንረቱ በወረደባቸው በ1980ዎቹ ደግሞ ከእውነቱ በላይ ገመቱ፤ ካቻምናን እያዩ ለከርሞ ተናገሩ። ስተርማንም ሦስት የጊዜ ርዝመት ብቻ ባለው ቀመሩ የእነዚህን ሊቃውንት ግምት መከታተል ቻለ። የትምህርቱ ካህናት ራሳቸው ትምህርቱን በኑሮአቸው ካልፈጸሙት፣ ምእመኑ እንዲፈጽመው መጠበቅ ከወዴት መጣ?

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደው የሉካስ ነው። በ1976 እንዲህ ሲል አስጠነቀቀ፦ ካለፈው ዘመን መዝገብ የተቀዳ የግምት ደንብ በሞዴል ውስጥ አስራችሁ አዲስ የመንግሥት ፖሊሲ ልትፈትኑበት ብትነሡ ትሳሳታላችሁ፤ ፖሊሲው ሲለወጥ ሰዎች የሚገምቱበት ደንብም ይለወጣልና። ይህ ማስጠንቀቂያ እውነት ነው፤ እጅ እነሣለታለሁ። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ሌላ፣ ከማስጠንቀቂያው ተስቦ የወጣው መደምደሚያ ሌላ ነው። ደንቡ ይለወጣል ማለት በአንድ ሌሊት ይለወጣል ማለት አይደለም፤ ወደ ፍጹም ዕውቀት ይለወጣል ማለትም አይደለም። ፖል ቮልከር የአሜሪካንን ማዕከላዊ ባንክ በ1979 በተረከበ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ ምሽት ጋዜጠኞችን ጠርቶ ገንዘብን እንደሚያጠብቅና ንረትን እንደሚሰብር ለዓለም ሁሉ ተናገረ። ሕዝቡ ዮሴፍ ቢሆን ኖሮ፣ በሰማበት ሳምንት ዋጋና ደመወዙን አስተካክሎ ንረቱ ያለ ብዙ ሥቃይ በወረደ ነበር። የሆነው ግን በ1980 በአማካይ በመቶ 13.5 የነበረው ንረት በ1983 ወደ በመቶ 3.2 እስኪወርድ ድረስ፣ የቤት መግዣ ብድር ወለድ በመቶ 18 አልፎ፣ ሥራ ያጣው ሰው ቍጥር በ1982 መጨረሻ በመቶ 10.8 ደርሶ፣ አሜሪካ ከታላቁ የምጣኔ ሀብት ውድቀት ወዲህ ያላየችውን ሥራ አጥነት አየች።

ለዚህም «ሕዝቡ ቮልከርን አላመነውም ነበር፤ ስለዚህ አለማመኑ ምክንያታዊ ነበር» ይሉናል። እሺ፤ ስለ ምን አላመነውም? ከእርሱ በፊት የነበሩት ተናግረው ስላላደረጉ ነው፤ ማለትም ካቻምናንና አምናን አይቶ ነው። መታመን ራሱ ካለፈው ዘመን በቀስታ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ከፊት በር ያባረሩትን የትናንት ትዝታ በጓሮ በር አስገብተውታል፤ ስሙን ግን «ምክንያታዊ» ብለው ለውጠውታል። ማንኛውም ስሕተት ከተፈጸመ በኋላ ምክንያት የሚገኝለት ትምህርት፣ ምንም የማይከለክል ትምህርት ነው።

ከወገኔ አንዳንዶቹ የሚዘነጉትን ደግሞ እኔው ልናገር፤ ግምት ሁልጊዜ ቀርፋፋ አይደለም። በ1923 በጀርመን ገንዘብ ከሰዓት ሰዓት ሲረክስ ሠራተኛው ደመወዙን እንደ ተቀበለ ወደ ሱቅ ይሮጥ ነበር፤ የማስታወሻው ርዝመት ከዓመት ወደ ቀን አጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 15 ቀን ሬንተንማርክ የተባለው አዲስ ገንዘብ አንዱ በአንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ተመንዝሮ በወጣ ጊዜ ንረቱ በጥቂት ሳምንት ቆመ፤ ሳርጀንት በ1982 ይህንና የኦስትሪያን፣ የሃንጋሪንና የፖላንድን መሰል ፍጻሜዎች ሰብስቦ ትምህርቱን አጸናበት። እኔ ግን ከዚያው ታሪክ የማነበው ሌላ ነው፤ ሕመሙ የጸና እንደ ሆነ ሰው ቶሎ ይማራል፤ በእጁ የሚዳሰስ አዲስ ወረቀት፣ ማተሚያውን ያቆመ መንግሥት ባየ ጊዜ አሮጌውን መለኪያ ይጥላል። ስለዚህ የትሬንድ ሦስት የጊዜ ርዝመቶች ለዘለዓለም የቆሙ ጽላት አይደሉም፤ ምን ያሳጥራቸዋል፣ ምን ያረዝማቸዋል ብሎ መመርመር የሞዴል ሠሪው ግዴታ ነው፤ ባልደረቦቼም አንድ ጊዜ ከመዝገብ ያወጡትን ቍጥር ለሁልጊዜ ሲያስሩት የሉካስ ጅራፍ ቢያገኛቸው አላዝንላቸውም።

«ተሳሳች ገበያው ይቀጣዋል፤ የቀጣውም ይታረማል ወይም ይጠፋል» የሚለውን የሙትን የመጀመሪያ ክርክር እንመልከት። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ፍላጎት እስከ 1973 ድረስ በዓመት በመቶ 7 ገደማ ሲያድግ ኖረ፤ ይህም በየ10 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የነዳጁ ዋጋ በዚያ ዓመት ሰማይ ሲነካ የፍላጎቱ ዕድገት ተሰበረ፤ የኃይል ኩባንያዎቹ የአሥር ዓመት ትንበያ ግን በአንድ ጊዜ አልተሰበረም። በየዓመቱ ትንሽ ዝቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትንሽ ዝቅ እያለ ሄደ፤ የነዚያ ዓመታት ትንበያዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሲሣሉ ከአንድ ወገን የተዘረጋ ማራገቢያ ይመስላሉ፤ እውነተኛው ፍላጎት ግን ከማራገቢያው በታች ተኝቷል። በዚያ ትንበያ ተመክተው ከታዘዙት የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ከ100 የሚበልጡት ተሰረዙ። በዋሽንግተን ስቴት አምስት ማመንጫ በአንድ ጊዜ የጀመረው የሕዝባዊ ኃይል አቅርቦት ድርጅት አንዱን ብቻ ፈጸመ፤ በ1983ም የ2.25 ቢሊዮን ዶላር የቦንድ ዕዳ መክፈል አቃተው። ገበያው ቀጣው፤ ቅጣቱ ግን የመጣው ኮንክሪቱ ከተፈሰሰ በኋላ ነበር። ማመንጫ ለመሥራት አሥር ዓመት የሚፈጅ ከሆነ፣ አንድ ሰው በሥራ ዘመኑ ስንት ጊዜ ተሳስቶ ስንት ጊዜ ሊማር ይችላል?

ቅጣቱ በየሳምንቱ ቢሆንስ? ለዚህ ፎረስተርና ተማሪዎቹ «የቢራ ጨዋታ» የሚሉት አለ፤ (በእኛ ጠላ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሲጨርሱ የሚጠጣ ነገር ባገኙ ነበር፤ በጨዋታው ቢራው ቍራጭ ምልክት ነው።) አራት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ። የደንበኛው ፍላጎት በሳምንት 4 ሣጥን ነው፤ በአምስተኛው ሳምንት 8 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም። ትእዛዙም ጭነቱም በመንገድ ላይ ጥቂት ሳምንት ይቆያል። ከዚህ ከአንዲት ትንሽ ለውጥ የተነሣ፣ ተጫዋቾቹ በመንገድ ላይ ያለውን ጭነት እየዘነጉ ደጋግመው ያዝዛሉ፤ ፋብሪካው በጎርፍ ይመታል፤ ቀጥሎም መጋዘኑ ሁሉ ሞልቶ ትእዛዝ ይነጥፋል። ስተርማን በ1989 ባወጣው ጥናት የቡድኖቹ አማካይ ወጪ ከሚገባው ዐሥር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚያስተክዘው የመጨረሻው ነው፤ ጨዋታው ሲያበቃ «የደንበኛው ፍላጎት ምን ይመስል ነበር?» ተብለው እንዲሥሉ ሲጠየቁ፣ አብዛኞቹ የሚወጣና የሚወርድ ማዕበል ይሥላሉ። በገዛ እጃቸው ያስነሡትን ማዕበል ከደንበኛው እንደ መጣ ያምናሉ። የምክንያታዊ ግምት ሞዴል ሠሪም ከውጭ መብረቅ ሲጠራ እነዚህን ተጫዋቾች ይመስለኛል።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ በ2001ና በ2002 የሆነውን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ሁለት የመከር ወራት ተከታትለው ሰመሩ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የወሰደው የበቆሎ ገበሬ ምርቱን ይዞ ወደ ገበያ ሲወጣ ዋጋው እጁ ላይ ወደቀበት፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን የሚከፈለው በመከር ነበር፤ በቆሎም በጎታ ሲሰነብት ነቀዝ ይበላዋል። ብዙው ገበሬ ባወጣው ሸጠ፤ ለከርሞም ማዳበሪያውን ቀነሰ። በ2002 ዝናቡ ቀረ፤ በ2003ም ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእህል ርዳታ ጠበቀ። ድርቁ ዋናው ምክንያት መሆኑን አልክድም፤ በዋጋው መውደቅ ብቻ ይህ ሁሉ ሆነ አልልም። ነገር ግን ምክንያታዊው ሞዴል ይህን ገበሬ ምን ሊለው ይችላል? በጥጋቡ ዓመት ዋጋ እንደሚወድቅ አስቀድመህ ባወቅህ፣ በረሃቡም ዓመት እንደሚወጣ አስልተህ ባኖርህ ነበር ይለዋልን? ገበሬው ያየው የአምናን ዋጋ፣ የጎረቤቱን ማሳና የዕዳ ሰብሳቢውን ፊት ነው፤ ሌላ ያየው ነገር የለም። ቢያውቅ እንኳ ጎተራው የለውም፤ ዮሴፍ ፍቺውን ብቻ ይዞ አልወጣም፣ የፈርዖንን ቀለበትና የግብጽን መጋዘን ጭምር ተሰጥቶት ነበር።

የቀረው አንድ ክርክር ነው፤ በእውነቱ ከክርክር ይልቅ ፍርሃት ነው። ቀጥተኛው መንገድ አንድ፣ ጠማማው ግን እልፍ ስለ ሆነ፣ ምክንያታዊነትን ከተውን የትኛውን ስሕተት እንደምንመርጥ ማን ይነግረናል ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ለቀመር የምትመች አንዲት ግምት ይዞ መኖር ለመምህር ያሳርፋል፤ ተማሪም አይጨቃጨቅም። ነገር ግን መንገደኛው በየትኛው መንገድ እንደ ሄደ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ቀጥተኛው አንድ በመሆኑ ብቻ በዚያ ሄዷል ብሎ አይፈርድም፤ ኮቴውን ይፈልጋል። ኮቴው አለ፤ የሊቪንግስተን መዝገብ አለ፤ የኃይል ኩባንያዎቹ ማራገቢያ አለ፤ የቢራው ጨዋታ ደብተር አለ። እነዚህን ኮቴዎች መከተል ሞዴል ሠሪውን ከወንበሩ ያስነሣዋል፤ ገበያ ወርዶ ማን ለማን ወሬ እንደሚያቀብል፣ ወሬው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ሰውዬው ሲሰማ ስንት ጊዜ «ያልፋል» ብሎ እንደሚታገሥ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ ከሰሌዳ ላይ ከሚሠራው ይልቅ ክብሩ ያነሰ፣ ጫማውም የቆሸሸ ነው።

እንግዲህ ከርሞ ደግሞ አንድ ባለሙያ ስለ እህል ዋጋ የሚያሰላ አዲስ ሞዴል ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በመጣ ጊዜ፣ ሥዕሎቹን ሁሉ በግድግዳው ላይ አሳይቶ ሲጨርስ፣ ከአድማጮቹ አንዱ እጁን አንሥቶ ይህን ብቻ ቢጠይቅልኝ እወዳለሁ፦ በዚህ ሞዴል ውስጥ ያለው ገበሬ የበቆሎውን ዋጋ የሚሰማው በስንተኛው ሳምንት ነው? የሚሰማውስ ከማን ነው?